ሠላሳ አምስቱ ወርቆች፤ ከየት መጡ? እስከ የትስ አልደረሱም?

በሴፕቴምበር 2025 በቶኪዮ የተደረገው የዓለም የአትሌቲክስ ሻምፒዮና ሲፈጸም የኢትዮጵያ ቡድን ሁለት የብርና ሁለት የነሐስ ሜዳሊያ ይዞ ተመለሰ። ወርቅ አልነበረም። ከ1993 ጀምሮ በተከታታይ በተደረጉት ዐሥራ ስድስት ሻምፒዮናዎች አንድም ጊዜ ያለ ወርቅ ተመልሰን ስለማናውቅ፥ ነገሩ በየመኝታ ክፍሉና በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ላይ ሳይቀር መነጋገሪያ ሆኖ ሰነበተ። አንዱ «ልጆቹ ገንዘብ ለምደው ነው» ይላል፤ ሌላው «ጥፋቱ የአሠልጣኞቹ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ድሮም ዕድል ነበር» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። እኛም ክርክሩን ቆመን ስናዳምጥ አንድ ነገር ታዘብን፤ ይኸውም ሁሉም ይፈርዳል እንጂ መዝገቡን የገለጠ ሰው አለመኖሩ ነው።

መዝገብ ሳያዩ መፍረድ ለማንም አይበጅም፤ ይልቁንም ለተማሪ አይገባም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ኢትዮጵያ በዓለም ሻምፒዮና ያስመዘገበችውን ሒሳብ ለአንባቢዎቻችን አቅርበን፥ ድሉ ከምን እንደመጣና የት ላይ እንደቆመ በተቻለን መጠን እናስረዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ለይተን ካላመለከትን በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ) ከሻምፒዮናው በፊት

የዓለም የአትሌቲክስ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው በ1983 በሄልሲንኪ ነው። ከዚያ በፊት የዓለም ሯጮች ሁሉ ተሰብስበው የሚለኩበት ትልቁ አደባባይ ኦሎምፒክ ብቻ ነበር። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ የተሳተፈችው መጀመሪያ በ1956 በሜልቦርን ሲሆን፥ በአራት ዓመቱ በሮም አበበ ቢቂላ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ቀኑም በኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። በ1964 በቶኪዮ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ገና ስድስት ሳምንት ያህል ሳይሞላው ድሉን ደገመው፤ በ1968 በሜክሲኮ ማሞ ወልዴ በማራቶን ተተካ፤ በ1980 በሞስኮ ምሩፅ ይፍጠር የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቆችን ጠቅልሎ ወሰደ።

ይህን ሁሉ አንባቢ ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን በመካከሉ የቀረው ነው። ኢትዮጵያ በ1976 በሞንትሪያል፥ በ1984 በሎስ አንጀለስ፥ በ1988 በሴዑል ከተደረጉት ኦሎምፒኮች ቀርታለች። የ1976ቱ መቅረት ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር በደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ ምክንያት የተደረገ ሲሆን፥ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓለም በሁለት ጎራ ተከፍሎ የነበረበት ዘመን ውጤት ናቸው። ምክንያቱ መልካምም ይሁን ክፉ፥ የሯጭ ዕድሜ አጭር ስለሆነ አንድ ትውልድ ጉልበቱ በሞላበት ሰዓት አደባባይ ሳይወጣ አለፈ። ይህ ትውልድ በየትኛውም የሜዳሊያ መዝገብ አይገኝም። መዝገብ የሚያሳየው የሮጠውን እንጂ እንዳይሮጥ የተደረገውን አይደለምና።

ለ) መዝገቡ

በሄልሲንኪ የመጀመሪያውን ሜዳሊያ ያገኘልን ከበደ ባልቻ ነው፤ በማራቶን ሁለተኛ ወጥቶ ብር ወሰደ። በ1987 በሮም አልቀናንም። በ1991 በቶኪዮ ፊጣ ባይሳ በ5,000 ሜትር ብር አገኘ። ሻምፒዮናው እስከዚያ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ይደረግ የነበረው ከ1991 ወዲህ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ሆነ።

የመጀመሪያው ወርቅ የመጣው በ1993 በሽቱትጋርት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 10,000 ሜትርን ሲያሸንፍ ነው። ኃይሌ በ1995 በጎተንበርግ፥ በ1997 በአቴንስ፥ በ1999 በሴቪያ ደገመው፤ በአንድ ርቀት አራት ተከታታይ ወርቅ መሆኑ ነው። በሴቪያ ግን ብቻውን አልነበረም፤ ጌጤ ዋሚ በሴቶች 10,000 ሜትር አሸንፋ ለኢትዮጵያ ሴቶች የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አመጣች። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ የከፈተችው በር በሻምፒዮናውም ተከፈተ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመቶች የጥጋብ ዓመቶች ናቸው። በ2001 በኤድመንተን ደራርቱ፥ ብርሃኔ አደሬና ጌጤ ዋሚ በ10,000 ሜትር ከአንድ እስከ ሦስት ሲወጡ፥ ገዛኸኝ አበራ ማራቶንን አሸነፈ። በ2003 በፓሪስ በወንዶች 10,000 ሜትር ቀነኒሳ በቀለ፥ ኃይሌና ስለሺ ስኅን ተከታትለው ገቡ። ያን ቀን ሁለተኛውን 5,000 ሜትር ከ13 ደቂቃ በታች ስለሮጡት የሌላ አገር ሰው ሊከተላቸው አልቻለም። በዚያው ሻምፒዮና ብርሃኔ አደሬ 10,000 ሜትርን፥ ገና 18 ዓመቷ የነበረው ጥሩነሽ ዲባባ ደግሞ 5,000 ሜትርን አሸነፉ።

በ2005 ውድድሩ ወደ ሄልሲንኪ ሲመለስ የሆነው የሚደንቅ ነው። በሴቶች 5,000 ሜትር ጥሩነሽ፥ መሠረት ደፋር፥ እጅጋየሁ ዲባባና መሰለች መልካሙ ከአንድ እስከ አራት ወጡ። «አንድ አገር የሚያሰልፈው ሦስት ሰው አይደለምን? አራተኛዋ ከየት መጣች?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ለአንድ አገር በአንድ ርቀት ሦስት ሯጭ ይፈቀዳል፤ ያለፈው ሻምፒዮና አሸናፊ ግን ከሦስቱ ውጪ በራሱ መብት ይገባል። ጥሩነሽ የፓሪስ አሸናፊ ስለነበረች ሌሎች ሦስት ልጆች ተጨመሩ። ጥሩነሽ በዚያው ሳምንት 10,000 ሜትርንም በማሸነፍ በአንድ ሻምፒዮና ሁለቱን ርቀቶች የጠቀለለች የመጀመሪያዋ ሰው ሆነች። ቀነኒሳም በ2009 በበርሊን ከወንዶች የመጀመሪያው ሆኖ ይህንኑ ሠራ።

በ2011 በዴጉ ኢብራሂም ጄይላን በመጨረሻው ሜትር ላይ የእንግሊዙን ሞ ፋራህን ቀደመው። በ2013 በሞስኮ የ19 ዓመቱ መሐመድ አማን በ800 ሜትር ሲያሸንፍ፥ ጥሩነሽና መሠረት በየርቀታቸው ወርቃቸውን ደገሙ። በ2015 በቤይጂንግ ገንዘቤ ዲባባ በ1,500፥ አልማዝ አያና በ5,000፥ ማሬ ዲባባ በማራቶን አሸነፉ። አልማዝ በ2017 በለንደን 10,000 ሜትርን ስትጨምር ሙክታር እድሪስ በ5,000 ሜትር አሸነፈ፤ እርሱም በ2019 በዶሃ ሲደግመው ሌሊሳ ዴሲሳ ማራቶንን ወሰደ።

የ2022ቱ የዩጂን ሻምፒዮና በብዛት ከሁሉ የበለጠው ነው፤ አራት ወርቅ፥ አራት ብርና ሁለት ነሐስ አግኝተን በሜዳሊያ ሠንጠረዥ ሁለተኛ ሆንን። ወርቁን ያመጡት ጉዳፍ ጸጋይ፥ ለተሰንበት ግደይ፥ ጎተይቶም ገብረ ሥላሴና ታምራት ቶላ ናቸው። እዚህ ላይ ሳንጠቅስ ማለፍ የማንችለው ነገር አለ። ከአራቱ ሦስቱ የትግራይ ልጆች ሲሆኑ፥ በዚያ ወር በትግራይ ስልክና ባንክ ተቋርጦ ነበር። በየከተማው እልልታው ሲቀልጥ ደስታው መጀመሪያ ሊደርሳቸው የሚገባው ወላጆች ዘንድ ደውሎ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ለማለት አይቻልም ነበር። ስለ ሰንደቅ ዓላማና ስለ አንድነት የምንናገር ሰዎች ይህንን ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን አድርገን ብናስብ መልካም ነው።

በ2023 በቡዳፔስት ጉዳፍ፥ ለተሰንበትና እጅጋየሁ ታዬ በ10,000 ሜትር ከአንድ እስከ ሦስት ወጡ፤ አማኔ በሪሶም ማራቶንን አሸነፈች። ከዚያ በኋላ የመጣው ያ የቶኪዮ ሻምፒዮና ነው።

ሐ) ሒሳቡ ሲተነተን

ከ1983 እስከ 2025 በጠቅላላው ሠላሳ አምስት ወርቅ አግኝተናል። ይህንን ቁጥር ስንበትነው የሚከተለው ይታያል።

በመጀመሪያ በርቀት እንከፋፍለው። 18ቱ ወርቆች የ10,000 ሜትር ናቸው፤ ዘጠኝ የወንዶች፥ ዘጠኝ የሴቶች። 9ኙ የ5,000 ሜትር ናቸው፤ ሦስት የወንዶች፥ ስድስት የሴቶች። 6ቱ የማራቶን ናቸው፤ ሦስት የወንዶች፥ ሦስት የሴቶች። የቀሩት ሁለቱ አንዱ የመሐመድ አማን 800፥ ሌላው የገንዘቤ 1,500 ሜትር ናቸው። እንግዲህ ከ35ቱ 33ቱ ከ5,000 ሜትር ጀምሮ ባለው ርቀት የተገኙ ናቸው ማለት ነው።

ሁለተኛ በጾታ እንመልከተው። የወንዶቹ 16፥ የሴቶቹ 19 ነው። ሴቶቹ የመጀመሪያውን ወርቅ ያገኙት ከወንዶቹ ስድስት ዓመት ዘግይተው ሲሆን ዛሬ በልጠዋል። ከ2013 ወዲህ ካገኘናቸው 16 ወርቆች ውስጥ 11ዱ የሴቶች ናቸው። «ሴት ልጅ ለሩጫ አትሆንም» የሚል ሰው ዛሬም በየመንደሩ ካለ፥ መልሱ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ነገር አሳሳቢው ነው። በወንዶች 10,000 ሜትር ከ1993 እስከ 2011 ከተደረጉት ዐሥር ሻምፒዮናዎች ዘጠኙን ኢትዮጵያ አሸንፋለች፤ ያመለጠን የ2001ዱ ብቻ ሲሆን እርሱንም ኬንያዊው ቻርልስ ካማቲ ነው የወሰደው። ከ2013 እስከ 2025 በተደረጉት ሰባት ሻምፒዮናዎች ግን በዚሁ ርቀት አንድም ወርቅ አላገኘንም። ሦስቱን ሞ ፋራህ፥ ሦስቱን የኡጋንዳው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ፥ የመጨረሻውን የፈረንሳዩ ጂሚ ግሬሲዬ ወሰዱ። በኦሎምፒክ ሰሎሞን ባረጋ በ2021 ቶኪዮ ላይ ማሸነፉ እውነት ነው፤ የሻምፒዮናው መዝገብ ግን ይህን ይመስላል።

እንግዲህ የ2025ቱ የወርቅ ድርቅ ድንገት ከሰማይ የወረደ አይደለም። በአንድ በኩል ዕድልም አለበት፤ ዮሚፍ ቀጀልቻ በ10,000 ሜትር የተቀደመው ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ በሚያንስ ልዩነት ሲሆን፥ ትዕግሥት አሰፋም ማራቶንን ሮጣ በሁለት ሴኮንድ ነው ሁለተኛ የሆነችው። በሌላ በኩል ግን የወንዶቹ ምሰሶ ከተነቀነቀ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሴቶቹ ቤቱን ደግፈው ስለያዙት ሳይታወቀን ቆየ እንጂ።

መ) ከፍታው ብቻ ነውን?

የድላችን ምክንያት ሲጠየቅ ብዙ ሰው «አየሩ ነው» ብሎ ይመልሳል። አየሩ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ እናስረዳ። በባሕር ጠረፍም ሆነ በበቆጂ ከአየር ውስጥ የኦክሲጅን ድርሻ አንድ ነው፤ ከመቶ 21 ያህል። የሚለየው ግፊቱ ነው። ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በበቆጂ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን ያንሳል። ሰውነትም ጉድለቱን ለመሙላት ኩላሊት በምታመነጨው ንጥረ ነገር አማካይነት ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል። ቀይ ደም ኦክሲጅን ተሸካሚ ስለሆነ፥ ከፍታ ላይ ያደገና የሠለጠነ ሰው ረጅም ርቀት ሲሮጥ ይጠቅመዋል። ለአጭር ርቀት ሩጫ ግን ይህ ጥቅም እምብዛም ነው፤ መቶ ሜትር በጡንቻ ፍንዳታ እንጂ በትንፋሽ አይሮጥምና። ወርቃችን በረጅም ርቀት የተከማቸበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሆኖም ከፍታ ብቻውን ሯጭ የሚፈጥር ቢሆን ኖሮ ኔፓልና ቦሊቪያ በ10,000 ሜትር ወርቅ በወርቅ በሆኑ ነበር። የአርሲ ተራሮችም ከ1956 በፊት እዚያው ነበሩ። ስለዚህ በከፍታው ላይ የተጨመረ ነገር አለ። እርሱም ሥራና ድርጅት ነው። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ያሠለጠነውም ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሯጮች ብዙዎቹ በጦር ሠራዊት፥ በፖሊስ፥ በማረሚያ ቤቶች፥ በባንክና በፋብሪካ ክለቦች ደመወዝ እየተቆረጠላቸው የሠለጠኑ ናቸው። ወልደ መስቀል ኮስትሬን የመሰሉ አሠልጣኞች ሕይወታቸውን ሰጥተውበታል። በበቆጂ ደግሞ ደራርቱን፥ ፋጡማ ሮባን፥ ቀነኒሳንና እነ ጥሩነሽን ያፈራችው አንዲት ትንሽ ከተማ ናት፤ በዚያ ልጆችን ሰብስቦ የሚያሮጥ የትምህርት ቤት መምህር ነበረ፤ ስሙም ስንታየሁ እሸቱ ይባላል። ከፍታው ለሁሉም ነበር፤ መምህሩ ግን ለበቆጂ ነበር።

ሌሎችም ይህን ተምረዋል። ሞ ፋራህ ራሱ ሱሉልታ መጥቶ ተለማምዷል። ዛሬ ከፍታ ላይ ሰፍሮ መሠልጠን የየትኛውም አገር ሯጭ ተግባር ነው። በዚህም ላይ የ10,000 ሜትር ሩጫ በትልልቅ የመም ውድድሮች እምብዛም አይታይም፤ የጎዳና ሩጫ ግን በያገሩ በዝቷል፤ ገንዘቡም ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ሯጭ መሙን ሳይጠግብ ወደ ማራቶን ይሄዳል። ልጁን ገንዘብ ወደደ ብሎ መስደብ ቀላል ነው። ወላጆቹን የሚጦር፥ እኅት ወንድሞቹን የሚያስተምር ልጅ በጥቂት ዓመት ጉልበቱ ቤት ሊሠራ ቢያስብ ግን ማንኛችን ብንሆን የተለየ ነገር አናደርግም።

የሄዱም አሉ። በአዳማ የተወለደችው ሲፋን ሐሰን በ2008 በስደት ኔዘርላንድ ገብታ፥ በ2019 በዶሃ ለዚያች አገር የ1,500 እና የ10,000 ሜትር ወርቅ አሸንፋለች። በ2023 በቡዳፔስት ማራቶን ለእስራኤል ብር ያገኘው ማሩ ተፈሪ በኢትዮጵያ የተወለደ ሲሆን፥ ነሐስ ያገኘውም የኛው ልዑል ገብረ ሥላሴ ነው። ከዚያ መድረክ ላይ ሁለቱ አማርኛ ሊነጋገሩ ይችሉ ነበር። በዚህ የምንኮራውም የምናዝነውም እኩል ነው።

ሠ) እስከ የት አልደረሱም?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በሻምፒዮናው ዛሬ 49 ዓይነት ውድድር አለ። ኢትዮጵያ በታሪኳ ወርቅ ያገኘችው በ8ቱ ብቻ ነው፤ በወንዶች 800፥ 5,000፥ 10,000ና ማራቶን፤ በሴቶች 1,500፥ 5,000፥ 10,000ና ማራቶን። በ3,000 ሜትር መሰናክል ለሜቻ ግርማ በ2019፥ በ2022ና በ2023 ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ብር አገኘ፤ የዓለምን ክብረ ወሰን የያዘ ሰው ሆኖ ሳለ ወርቁ እስካሁን አልደረሰውም። ከ800 ሜትር በታች በሆነ ርቀት፥ በዝላይና በውርወራ ሁሉ ግን ወርቅ ይቅርና አንድ ነሐስም የለንም።

«ተፈጥሯችን ነው» የሚል መልስ ይሰጠናል። በመሠረቱ ጎረቤታችን ኬንያም ተራራማ ናት፥ በረጅም ርቀትም የታወቀች ናት። በ2015 በቤይጂንግ ግን ጁልየስ ዬጎ ጦር ወርውሮ፥ ኒኮላስ ቤት የ400 ሜትር መሰናክል ሮጦ ለኬንያ ወርቅ አመጡ። ዬጎ ውርወራውን በመጀመሪያ የተማረው በኢንተርኔት የሌሎችን ሥራ እያየ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ ነገሩ ተፈጥሮ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ሯጭ ያለ መሣሪያ ሊጀምር ይችላል፤ አበበም በባዶ እግሩ አሸንፏል። አሎሎ፥ ዲስከስ፥ ምርኩዝና የዝላይ ፍራሽ ግን መገዛት አለባቸው፤ ወርዋሪና ዘላይም በእንቅስቃሴው ሁሉ ዐይኑን የማይነቅል አሠልጣኝ ያስፈልገዋል። ይህ ደግሞ የሚጀመረው በትምህርት ቤት ነው። እኛ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣን ተማሪዎች ነን፤ እርስ በርሳችን ብንጠያየቅ አብዛኞቻችን የእስፖርት ክፍለ ጊዜ ማለት አንድ ኳስ ለሃምሳ ልጅ ተሰጥቶ መምህሩ ጥላ ሥር የሚቀመጥበት ሰዓት እንደነበረ ነው የምንናገረው። ጦር በእጁ ይዞ የሚያውቅ ከመካከላችን አልተገኘም። ሞክሮ ያልቻለ ሳይሆን ጨርሶ ያልሞከረ ሕዝብ «አልችልም» ሊል አይገባውም።

በአሰላ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተጠራ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ፤ በአዲስ አበባም የወጣቶች የእስፖርት አካዳሚ አለ። ይህ መልካም ጅምር ነው። ግን ሁለት ወይም ሦስት ማዕከል ለዚህ ሁሉ ሕዝብ የሚበቃ አይደለም።

ረ) ምን ይደረግ?

ከመዝገቡ የተማርነውን በሦስት ቃል እንጠቅልለው። አንደኛ፥ ድሉ የዕድል አልነበረም፤ በከፍታ ላይ የተሠራ የሰው ሥራ ነው፤ ስለዚህ ሥራው ሲላላ ይላላል። ሁለተኛ፥ ሀብታችን ሁሉ በአንድ ጎተራ ውስጥ ነው። ከ35 ወርቅ 18ቱን ከአንድ ርቀት ያገኘ አገር ያ ርቀት ሲያመልጠው ባዶ እጁን ይቀራል፤ በቶኪዮም የሆነው ይኸው ነው። ሦስተኛ፥ ያልከፈትናቸው አርባ አንድ በሮች አሉ፤ የተዘጉትም በተፈጥሮ ሳይሆን ባለመሞከር ነው።

ይህ ለፌዴሬሽኑ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በዩኒቨርሲቲያችን የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የሚማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ነገ በየወረዳው ትምህርት ቤት ይመደባሉ። ከእነርሱ አንዱ በሚመደብበት ስፍራ በሳምንት ሁለት ቀን ዐሥር ልጆችን ሰብስቦ አሎሎ ቢያስወረውር፥ አሸዋ ቆፍሮ ርዝመት ቢያዘልል፥ ማን ያውቃል፥ የሚቀጥለው በቆጂ ከዚያ ሊወጣ ይችላል። በቆጂን በቆጂ ያደረጋት ገንዘብ አልነበረም፤ ጠዋት ቀድሞ ሜዳ ላይ የሚገኝ መምህር ነበር።

የምግብ አዳራሹን ክርክር አንጠላም፤ ለነገሩ እኛም ከተከራካሪዎቹ መካከል ነበርን። ነገር ግን በሚቀጥለው ሻምፒዮና ማግስት ተነሥተን «ልጆቹ ምን ሆኑ?» ከማለታችን በፊት፥ «እኛስ በመካከሉ ምን ሠራን?» ብለን ብንጠይቅ ደግ ይመስለናል።